ቂጥ የሌለው እንቅብ

«እትዬ ጃርት፣ ይህን የመሰለ ሙያ ይዘሽ ለድንች ብለሽ ከውሻ ጋር ትታገያለሽ?»

አያ ጅቦ ነው። በጃርት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሰፋችውን ሙዳይ በአፍንጫው ይገለብጣል። ነገሩ የሆነው ጅብ አንኳኩቶ በሚገባበት፣ ሣር ውሃ ሲጠጣ በሚያወራበት ዘመን ነው።

ጃርት ስፌት ትወድ ነበር። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ሲወድቅ ታነሣና ወስፌ ታደርገዋለች። የስፌት ሣሯን፣ አክርማዋን፣ ትነክራለች። አክርማው እየራሰ ወሬ ይጀምራል፤ ስለበቀለበት ረግረግ፣ ስለረገጠው ጉማሬ። እሷ እየሰማች ትሰፋለች። ካላማራት ትፈታዋለች። ያለቀውን ለኤሊ ወይም ለጅግራ ትሰጣለች።

ጅብ ጃርትን የማይበላው እሾኋን ፈርቶ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ጃርት ግን ስትሰፋ ትረሳዋለች።

አያ ጅቦ ስፌቱን መተዳደሪያ አድርጊው አላት። እሷ እንቅብ ትሰፋለች፣ እሱ ድንች ያመጣል፤ ከእንግዲህ ውሻ አያባርራትም። ጃርት አሰበች። ባለፈው ክረምት ውሻ ነክሷት እስካሁን ታነክሳለች። እሺ አለች።

የመጀመሪያው እንቅብ። ለቅዳሜ ይድረስልኝ ስላላት እሾህ እስኪወድቅ መጠበቅ አልቻለችም። ነቀለች። አያ ጅቦ ድንቹን አራገፈና «እስቲ ዞር በይ» አላት። ዞረች። «ጎበዝ» ብሎ ሄደ።

ሁለተኛው እንቅብ። ለመንከር ጊዜ የለም። «ውሃ» አለ አክርማው። «ቆይ» አለችው። ደረቅ አክርማ ወስፌ ይሰብራል፤ ሰበረ። ሌላ ነቀለች። ያም ተሰበረ። ሌላ። አክርማው ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። አያ ጅቦ መጣ። «እስቲ ዞር በይ።» ዞረች። ነፋሱ ቆዳዋን ነካት።

ሦስተኛው ታዘዘ። ጃርት እጇን ወደ ጀርባዋ ስትሰድ፣ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ የኖረው አሮጌ ወስፌ ተናገረ።

«እሱ እኮ ስፌትሽን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የሚያየው?»

«እስቲ ይህን ከቂጡ አትጀምሪው።»

ስፌት የሚጀመረው ከቂጡ ነው። ጃርት ግን ከጎኑ ጀመረችው፤ በአሮጌው ወስፌ፣ በተነከረ አክርማ፣ ቀስ ብላ። ሲያልቅ በአንደኛው አፍ ያስገባችው ጭንቅላቷ በሌላው ወጣ። አክርማው ሳቀ።

አያ ጅቦ መጥቶ ወሰደው። ዞር በይ አላት፤ ዞረች። እንዲህ ያለ እንቅብ አይቼ አላውቅም ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ ድንቹን ተሸክሞ ተመለሰ። ጃርት በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ፊቷ ወደ እሱ፣ ጀርባዋ ወደ ቤቷ።

«አያ ጅቦ፣ ያ እንቅብ እንዴት ነው?»

«አጥንት እስከ አፉ ሞልቼ ዘመድ አዝማዱን አበላሁበት። አሁን ለእያንዳንዳቸው ስፊልኝ። ለነገ።»

«አልፈሰሰም?»

«አንዲት አጥንት አልወደቀች።»

ጃርት ድንቹን አየች። የምታነክስበትን እግሯን አየች።

«እሾህ ሲወድቅልኝ እሰፋለሁ» አለች።

«መቼ ነው የሚወድቀው?»

«ሲወድቅ።»

«ይሁን፣ እንጠብቃለን» አለ አያ ጅቦ። «እስከዚያው ግን እስቲ ዞር በይ።»

ጃርት ሳትዞር በሩን ዘጋች።