ለጦሳ ጀርባውን የሰጠ ዲሽ

በደሴ ገበያ፣ በደጁ ያለውን ነገር ሩቅ ሄዶ በገንዘብ የሚገዛ ሰው ሲያጋጥማቸው ደላሎች የሚሏት አንዲት አጭር አባባል አለች። ከየት እንደመጣች ብትጠይቋቸው የጥንት ነገር ነው ይሏችኋል። ጥንት አይደለችም። የተወለደችው በእኛ ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ነው፤ ስትወለድም አጥር ተደግፌ አይቻለሁ።

ሰፈራችን ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከገደሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሌላው ከተማ ቀድማ የምትጠልቀው በእኛ ላይ ነው። ድሮ ጣቢያዎቹ የሚተላለፉበት ሳተላይት በምዕራብ በኩል ስለነበር የከተማው ዲሽ ሁሉ ወደ ጦሳ ያይ ነበር። የእኛ ግን ወደዚያ ቢዞር የሚያየው ድንጋይ ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ አቶ ምትኩ የሚባል ሰው፣ ከገደሉ ራቅ ባለው ፎቅ ቤቱ ጣሪያ ላይ ትልቅ ዲሽ ተከለና ወደየቤታችን ገመድ ዘረጋ። እኛም በየወሩ እየከፈልን እናያለን። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ውለታ ነበር።

ከምትኩ በፊት ዕድሉን የሞከረ አንድ ሰው ነበር። ጋሽ አራጋው፣ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከሚሌ ዲሽና ሪሲቨር ጭኖ መጥቶ ግቢው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያዞር ዋለ፤ አንድም ምስል አልመጣለትም። ሚስቱ እትዬ የሻረግ ልብስ ሰፊ ናት። ከሳህኑ ፊት በዘንግ የቆመውን የዲሹን ዓይን ነቅላ ከሪሲቨሩ ጋር በጨርቅ ጠቀለለችና አልጋ ሥር አኖረች፤ ሳህኑን አንጋላ በርበሬ አሰጣችበት። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ዕቃውን "የአራጋው ሰፌድ" አለው። ጋሽ አራጋው አብሮ ይስቅ ነበር፤ ሲስቅ ግን ወደ መሬት ያይ ነበር።

ዓምና መኪናው ተገለበጠና ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ ቀረ። ከአልጋው የሚያየው መስኮት የለም፤ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ብቻ ነው። ከቴሌቪዥኑም የሚጠብቀው አንድ ድራማ ነው፤ የአባታቸውን ወፍጮ ቤት መካፈል አቅቷቸው የተለያዩ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ። ሦስት ዓመት ተከታትሎታል። ሐኪሙ መቼ እንደሚነሣ ሊነግረው አልቻለም፤ ታናሽየው ወንድም ወደ ቤቱ መመለስ አለመመለሱን ግን ጣቢያው እሑድ በስምንት ሰዓት እንደሚያሳይ ቀጥሮታል።

በዚያው ሳምንት ምትኩ አዲሱ ዓመት ገብቷልና ክፍያው እጥፍ እንደሚሆን አስነገረ። የዓመቱን ባንዴ ለከፈለ በድሮው ዋጋ ይቀጥላል ተባለ። የአራጋው ጎረቤት ሼህ እንድሪስ ንትርክ የማይወዱ ሽማግሌ ናቸውና የዓመቱን ከፍለው ተገላገሉ። እትዬ የሻረግ ግን ባሏ ከአልጋ እስኪነሣ በነበረው ዋጋ እንዲያቆያት ሰው ላከችበት። መልሱ ዓርብ ጠዋት ደረሳት፤ ገመዷ ተቆርጦ ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ራሷ ሄደች። ምትኩ ጣሪያው ላይ ገመድ እየጠቀለለ ነበርና ደረጃውን ወጥታ እዚያው ለመነችው። እሱም ሥራውን ሳያቋርጥ ሰማት።

"እኔ ምን ላድርግሽ፣ እትዬ የሻረግ? እኔ አይደለሁም የጋረድኩሽ። ጦሳን ትንሽ ጠጋ በል በይውና በነጻ እዪ።"

ሰው በሚያዋርዳት ጊዜ እትዬ የሻረግ ዓይኗን ከሰው ላይ አንሥታ ዕቃ ላይ ታሳርፋለች። ያን ዕለት ዓይኗ ያረፈው ትልቁ ዲሽ ላይ ነው። የዲሹ ዓይን ጥላ ከሳህኑ ልክ መካከል፣ እንደ ተተከለ ቁልፍ ቁጭ ብሏል። ስፌት የሚያውቅ ሰው መካከልን አይስትም። ጥላው መሐል ላይ ካረፈ ዲሹ የሚያየው ፀሐይዋን ነው ማለት ነው። ፀሐይ ደግሞ በረፋድ ከጦሳ በኩል አትሆንም። ዘወር ብላ ተራራውን አየች፤ ተራራው ከዲሹ በስተጀርባ ነበር። ስልኳን አውጥታ ሰዓቱን ተመለከተች፤ ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ይላል።

"እግዜር ይስጥልኝ" ብላው ወረደች። ምትኩ ምን እንደሰጣት አልገባውም።

ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አራጋው፣ የምትኩ ዲሽ ለጦሳ ጀርባውን ሰጥቷል።"

"ወዴት ዞሮ?"

"ወደ ምሥራቅ። ፀሐይ አምስት ሰዓት ላይ ወደምትቆምበት።"

"በዚያ በኩል" አለ ጋሽ አራጋው ቀስ ብሎ፣ "እኛን ምን ይጋርደናል?"

የሚጋርድ ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ትዝ ያላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጣቢያዎቹ ወደ ሌላ ሳተላይት ስለሚዛወሩ ባለ ዲሽ ሁሉ ዲሹን እንዲያዞር ሲነገር ከርሟል። ሰፈራችን ማስታወቂያውን በየቀኑ ሰምቶታል፤ ሰምቶትም ዳቦውን መብላት ቀጥሏል። ዲሽ ለሌለው ሰው የዲሽ ወሬ ምኑ ነው? የሰማው ምትኩ ብቻ ነበር። እሱም ዲሹን አዞረ፣ አፉንም ዘጋ።

ጋሽ አራጋው ኮምቦልቻ ላለ የመስመር ጓደኛው ደውሎ ሪሲቨሩ ላይ የሚሞላውን ቁጥር ተቀበለ። እሑድ ጠዋት እትዬ የሻረግ በርበሬውን አንሥታ ሳህኑን አጠበች፣ ዓይኑን መልሳ ሰካች፣ ግቢው መሐል ባለው የባሏ አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጠችው፤ እንደ ትናንቱ ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ጥላውን መሐል ልታሳርፍ። እኛ አጥሩ ላይ ተደረደርን። አንዱ፣ ዛሬስ የሚሰጣው ደመና ነው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ሳቅን። እሷ ሳህኑን በሁለት እጇ ያዘች። ሼህ እንድሪስ ብቻ ገብተው በሩ ላይ ቆሙ፤ በአልጋውና በግቢው መካከል ቃል ለማቀበል።

ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጥላው ወደ መሐል መቅረብ ጀመረ። ወዲያው ከሐይቅ ከተማ በኩል ደመና መጣና ፀሐይዋን ሸፈናት፤ ጥላውም ጠፋ። የመስከረም ደመና የሚታመን አይደለም፤ ሊያልፍም ሊውልም ይችላል። ከዋለ ደግሞ ጥላው በቦታው የሚገኘው ነገ ነው፣ ድራማው ግን ዛሬ ያልቃል። እትዬ የሻረግ ሁለት እጇን ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ሳታነሣ ቆመች። አጥሩ ላይ ያለነው መሳቅ ትተን ወደ ሰማይ ማየት መጀመራችንን ራሳችንም አላወቅንም።

ደመናው ሲገለጥ አምስት ሰዓት አልፏል። ሳህኑን ገፋ አድርጋ ጥላውን መሐል ላይ አሳረፈችውና የሲግናሉን መጠን ጠየቀች።

"ምን ይላል?"

"ምን ይላል?" አሉ ሼህ እንድሪስ ወደ ውስጥ።

"ዜሮ ነው በሏት" አለ ጋሽ አራጋው፤ ከዚያም ድምፁ ዝቅ አለ። "ትተወው፣ ሼህ። አትድከም በሏት።"

ሼሁ ዜሮውን ነገሯት፤ የቀረውን ዋጡት። እትዬ የሻረግ አሰበች። ፀሐይ እየተጓዘች ናት፤ በደመናው ጊዜ ከቦታዋ አልፋለች። ጥላውን ብቻ ከተከተልኩ ያለፈውን እከተላለሁ። ሳህኑን ወደ ምሥራቅ ሁለት ጣት ያህል መለሰችው።

"ሠላሳ!" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ የሼሁን አማላጅነት አልጠበቀም። አንድ ጣት ጨመረች። "ሃምሳ አምስት!" ጎማው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወሸቀች። "ሰባ ስምንት! አትንኪው፣ የሺ! እጅሽን አንሺ!"

እጇን አነሣች። ከቤቱ ውስጥ የዜና አንባቢ ድምፅ ተሰማ፤ ጥርት ያለ፣ በምትኩ ገመድ እንደዚያ ጠርቶ ሰምተነው አናውቅም። እትዬ የሻረግ የጎማው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በመቀነቷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ቀጥሎ የሰማነው የጋሽ አራጋውን ሳቅ ነው። በሩ ክፍት ስለነበር አይቼዋለሁ፤ ሲስቅ ወደ መሬት አላየም።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ሰው የሚይዝበት ቦታ አጣ። ደጃፉ ላይ ከቆሙት መካከል ምትኩም ነበረ፤ ጫጫታውን ሰምቶ ነው የመጣው። ሰዉ ዞሮ አየው። ዲሹን መቼ እንዳዞረ ሼህ እንድሪስ በቀስታ ጠየቁት፤ ሁለት ዓመት ይሆነዋል አለ፣ ወደ ጫማው እያየ። ሊነሣበት የነበረውን ነገር ያቆመችው ባለቤቲቱ ናት።

"ግባ ምትኩ፣ በር አትጋርድ" አለችው። "ታናሽየው ሊመጣ ነው።"

ታናሽየው መጣ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የወንድሙን ስም ሲጠራ ጋሽ አራጋው ብቻውን አላለቀሰም። ወር ሳይሞላ በሰፈራችን አሥራ አንድ ዲሽ ተተከለ፤ ሁሉንም ያቃናችው እትዬ የሻረግ ናት፣ ሁልጊዜም በአምስት ሰዓት አካባቢ። የምትኩ ገመዶችም ዛሬ ልብስ ይሰጣባቸዋል።

ያን እሑድ ግን ድራማው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ሼህ እንድሪስ የዓመቱን የከፈሉበትን ገመድ በቤታቸው ክዳን ላይ ተዘርግቶ አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው በምሥራቅ በኩል ወለል ያለውን ሰማይ አዩ፤ ከዚያም ሆዳቸውን ይዘው በራሳቸው እየሳቁ፣ "ይኸው እንድሪስ" አሉ፣ "ሰማይ ሳያይ፣ ገመድ ተከራይ።"