እመት ጉጉትና የሠርግ ቤት ካሜራ

ተረት ላምጣ? አምጣ በሉኛ። እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረቴ አጭር ናት፣ ብርዱ ግን ረጅም ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሲናገር ዕቃም አፍ አውጥቶ ይመልስ በነበረበት ዘመን፣ ደብሪቱ የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች። ድሮ ካሜራ ነበረ ወይ የሚል ነገረኛ ከመካከላችሁ አይጠፋም። ነበረ። የእኔ ድሮ ሰፊ ነው።

ደብሪቱ ከከተማው ዳር ፎቶ ቤት ነበራት። እንጀራዋ ሠርግ ነው። ሠርግ ቤት ከገባች ደግሞ ያገኘችውን እንዳለ አትተወውም፤ ወንበሩን ትገፋለች፣ መጋረጃውን ትሰበስባለች፣ ሽማግሌውን ትንሽ ወደዚያ ትላለች። አንድ ጊዜማ የሙሽራውን አባት ጠጋ ጠጋ ስታደርጋቸው ከገዛ ልጃቸው የሠርግ ፎቶ ጨርሰው ወጥተዋል ይባላል። ለሙሽራ ያማረ ለሁሉ ያምራል ብላ ታምን ነበር። መዘዙም ከዚህ መጣ።

የገና ጾም ገባ። በጾም ሠርግ የለም፤ ደብሪቱም ሥራ ፈታች። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ጉጉት ስትጮህ ሰምታ ነበርና፣ ጥር ገብቶ ሙሽሮች ሳይመጡ የጉጉት ፎቶ አንስቼ በፎቶ ቤቴ በር ላይ ልስቀል አለች። ጎረቤቶቿ ጉጉት ሟርተኛ ናት፣ ይቅርብሽ አሏት። እሷ ግን ሟርት የሚሠራ ቢሆን ምርቃትም ይሠራ ነበር፤ ያነሳኋቸው ባልና ሚስቶች ሁሉ አብረው በኖሩ ብላ ስቃባቸው፣ ጋቢዋን ደርባ፣ ካሜራዋን አንግታ ዳገቱን ወጣች።

ከኮረብታው ወገብ አንድ ትልቅ ወይራ ነበረ። ከወይራው ጎን ቋጥኝ፣ በወይራው ባላ ላይ ጭልፊት ጥሎት የሄደ አሮጌ ጎጆ፣ በጎጆው ውስጥ እመት ጉጉት፣ በእመት ጉጉት ክንፍ ሥር ደግሞ ገና መብረር የማይችል አንድ ጫጩት። ደብሪቱ ቋጥኙ ላይ ቆማ እጅ ነሳች።

«እንዴት አደሩ፣ እመት ጉጉት?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?»

ፎቶ ላንሳዎት አለቻት። እመት ጉጉት አንገቷን ዞር መለስ አድርጋ አሰበች።

«ማየቱን እዪ፤ ዓይን አይበላኝም። ቅጠሌን ግን አትንኪ። ቅጠሌ ገበናዬ ነው።»

ደብሪቱ እሺ አለች። አፏ እሺ ሲል እጇ ግን ይበላት ጀመር።

በዚያው ኮረብታ አያ ቁራ ይኖር ነበር። የጫጩቱን ነገር ካወቀ ሰንብቷል፤ ግን ጥላ ውስጥ ገብቶ ከእመት ጉጉት ጥፍር ጋር መገናኘት አልፈለገም። በጥላ ውስጥ አዛዧ ጉጉት ናት። ጎጆዋ ውስጥ ፀሐይ ከገባባት ግን ዓይኗ ይፈዛል፤ ያን ጊዜ ቀኑ የቁራ ነው። ሰው ዳገት ሲወጣ ባየ ጊዜ ደስ አለው። ደብሪቱ ከፐርሙዟ ሻይ ቀድታ እጇን ስታሞቅ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያው ላይ ወደተተወው ካሜራ ዘለል ዘለል እያለ ቀረበ።

«ወንድም ካሜራ፣ አንተን የመሰለ ዓይን ቅጠል ብቻ ሲያይ ይዋል? አፈርኩልህ» አለው።

ካሜራው ውዳሴ የሚወድ ነበረ። ሙሽራ ሲያነሳ የኖረ ካሜራ ሌላ ምን ይሆናል። «እኔስ መቼ ጠፋኝ» አለና ደብሪቱ ስትመለስ ነዘነዛት። ያቺን አንዲት የቅጠል ዘለላ ብቻ፣ እዚያች ጋ ያለችውን፣ አላት። ደብሪቱም እጇን ሰደደችና ቀጠፈቻት።

«ልጄ፣ ነፋስ ገባ» አለች እመት ጉጉት።

«ትንሽ ናት፣ እመት ጉጉት። ለውበት ነው።»

በነጋታው ቁራው መጣ፣ ካሜራውን አሞገሰ፤ ካሜራው ደብሪቱን ነዘነዘ። ደብሪቱ ሰንጢ አውጥታ ቀንበጥ ቆረጠች።

«ልጄ፣ ውርጭ ገባ» አለች እመት ጉጉት። ጫጩቷን ወደ ሆዷ ሳብ አደረገች።

«ትንሽ ናት፣ እመት ጉጉት። ለውበት ነው።»

በሦስተኛው ቀን ቁራው መጣ፣ ካሜራውን አሞገሰ፤ ካሜራው ደብሪቱን ነዘነዘ። ደብሪቱ መጋዝ ይዛ ነበር። መጋዝ ይዞ የወጣ ሰው ምክር አይፈልግም። ከፊት ያለውን ትልቁን ቅርንጫፍ ገዝግዛ ጣለችው፤ ጎጆውም ወለል ብሎ ታየ።

«ልጄ፣ ፀሐይ ገባ» አለች እመት ጉጉት።

ደብሪቱ ትንሽ ነው ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከፀሐዩ ኋላ ቁራው ገባ።

ብቻውን አልነበረም፤ ወንድሞቹን ጠርቶ ኖሯል። አንዱ የእመት ጉጉትን ጭራ ይጎትታል፣ አንዱ ዓይኗ ላይ ይመላለሳል፣ አያ ቁራ ጫጩቱ ላይ ያነጣጥራል። እመት ጉጉት በፈዘዘ ዓይኗ ሁለት ክንፎቿን ዘርግታ ጎጆው ላይ ቆመች። ጫጩቱ እየተንሸራተተ ጎጆው አፍ ላይ ደረሰ።

«ደብሪቱ፣ አሁን ተጫኚ» አለ ካሜራው። «እንዲህ ያለ ፎቶ ዳግመኛ አይገኝም።»

እውነቱን ነበር፤ አይገኝም። የደብሪቱ ጣት መጫኛው ላይ ነው። የጫጩቱ አንድ እግር ደግሞ ከጎጆው ወጥቶ አየር ላይ ነው።

«ገደል ግባ» አለችው። ካሜራዋን ሣሩ ላይ ወረወረችና መቆሚያውን እንደ ዱላ አንስታ ቁራዎቹ መሀል ገባች። በግራ መታች፣ በቀኝ ሳተች፣ ራሷም ጭረት አላጣችም። በመጨረሻ ተበተኑ። አያ ቁራ ብቻ ከሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ላባውን አበጠረ።

«እኔን ምን ያስደበድበኛል? በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ ነሽ» አላት።

ደብሪቱ ጫጩቱን በመዳፏ አቅፋ ወደ ጎጆው መለሰችውና አለቀሰች። ቀና ብላ እመት ጉጉትን ማየት አቃታት። ከዚያ ጋቢዋን አወለቀችና ቅጠሉ በነበረበት ቦታ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ወጥራ፣ ጎጆውን ጋረደችው። ፎቶውም አብሮ ተጋረደ።

«ክፉ አይደለሽም» አለች እመት ጉጉት ከጋቢው ኋላ። «ክፉ ብትሆኚ ኖሮ መጀመሪያውኑ እጠነቀቅሽ ነበር።»

ይህ ንግግር ከቁራው ጥፍር ይልቅ ቧጠጣት።

ከዚያ ወዲያ ደብሪቱ ጠዋት ጠዋት ያለ ጋቢ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ቋጥኙን ትታ ከታች፣ ከሩቅ ተቀመጠች። ቁራ ሲመጣ ድንጋይ ትወረውራለች፤ ሳይመጣ ሻይዋን ትጠጣለች። ጎረቤቶቿ ጋቢሽ የት ገባ ሲሏት ለአራስ ሰጠሁት አለች። ካሜራው መጀመሪያ አኮረፈ፣ ቀጥሎ ተነጫነጨ፣ በኋላ ግን ዝም ብሎ ማየት ለመደ።

ገናም አለፈ። አንድ ማለዳ ጋቢው ነቅነቅ አለ። እመት ጉጉት ወጣች። ጫጩቷም ተከትሏት ወጣና፣ እየወደቀ እየተነሳ፣ ከወይራው ጫፍ እስካለው ደረቅ ቅርንጫፍ በረረ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ደብሪቱ ተመለከቱ።

«ልቅረብ እንዴ?» አለ ካሜራው በለሆሳስ።

«እዚሁ ሁን።»

ደብሪቱ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ አንድ ጊዜ ብቻ አነሳች። ፎቶው ላይ ጉጉቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ የእናትየዋንም ግማሽ ፊት ከፊት ያለ ቅጠል ጋርዶታል።

«እመት ጉጉት፣ ያን ሁሉ ቀን ስለፋ አላገኘሁዎትም። ዛሬ እንዴት ወጡልኝ?» ስትል ጠየቀች።

እመት ጉጉት ልጇን በክንፏ ዳበስ አደረገች።

«ዛሬማ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኛ።»

የሰው ገበና ላይ ቅጠል የቆረጠ፣ ለቁራ መንገድ ጠረገ።

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተም በሩን ዝጉልኝ፣ ብርዱ ገባ።