ቤት ለእንግዳ ያለችው ሸርጣን

አንድ ጊዜ፣ መርከቦች ከየአገሩ መጥተው በሚያርፉበት ወደብ፣ ከድንጋዩ ግንብ ሥር በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሸርጣን ትኖር ነበር። ዐሥር እግር ተሰጥቷት በአንዱም ቀጥ ብላ መራመድ ያልቻለች፣ አንደበቷ ግን ከእግሮቿ ሁሉ የቀና ነበረች። ደጇን የረገጠውን ሁሉ «ኖር! ቤት ለእንግዳ!» ሳትል አታሳልፍም።

አንድ ቀን ከሩቅ አገር የመጣች ትልቅ መርከብ ወደቡ ላይ ቆመች። ከመርከቧ ሆድ ሥር ተጣብቃ የመጣች አንዲት ዝንጉርጉር ዛጎል ተላቅቃ ቀዳዳው አፍ ላይ ወደቀች። ጥፍር ብታህል ነው።

«ቤቶች!» አለች በቀጭን ድምፅ። «መንገድ ያደከመኝ እንግዳ ነኝ፣ እሜቴ። ጥግ ቢሰጡኝ?»

«ኖር! ቤት ለእንግዳ!» አለች ሸርጣን። «ከበሩ ጥግ እረፊ፣ ልጄ። ቤት ያፈራውን አብረን እንቀምሳለን።»

ዛጎሏ እንደ ሸረሪት ክሯን አውጥታ ድንጋዩ ላይ ተጣበቀች። ብዙም ሳይቆይ ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ፤ የልጅ ልጆቿ ደግሞ በአያታቸው ጀርባ ላይ ተለጠፉ። የሚያልፈውን ውሃ እየመጠጡ ምግቡን አስቀርተው ለሸርጣን ጭላጩን ለቀቁላት። ከፊሎቹም በሚነሡት መርከቦች ሥር ተለጥፈው ወደ ሌላ ወደብ ሄዱ፤ እዚያም «ቤቶች!» ማለታቸው አይቀርም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ጅብስ እንኳ አንጥፉልኝ ብሎ ጠየቀ፤ እነዚህ ግን ሳይጠይቁ ራሳቸው አነጠፉት።

ሸርጣን ይህን ሁሉ በይሉኝታ ቻለችው። አንድ ነገር ግን የሚቻል አልነበረም። ከሆዷ ሥር እንቁላሎቿን ታቅፋለች። የሸርጣን እንቁላል ሲደርስ እናቲቱ ወደ ሰፊው ባሕር ወጥታ ማራገፍ አለባት፤ አለዚያ እዚያው ሆዷ ሥር ይበላሽባታል። ቀኑ ሲቃረብ ልትወጣ ብትሞክር ዛጎሎቹ ያጠበቡት በር አላሳልፍ አላት። በጎን ሞከረች፤ መቼም ከጎን ሌላ አታውቅም። ያም አልሆነም።

«ልጄ» አለች ፈራ ተባ እያለች፣ «እባካችሁ ጥቂት ጠጋ በሉልኝ። ልጆቼ ሆዴ ሥር ሊያልቁብኝ ነው።»

«ማን ነው ጠጋ የሚለው?» አለች ዛጎሏ። አንቱታው ቀርቷል። «በራስሽ አፍ ቤት ለእንግዳ አላልሽም? ቤቱ የእንግዳ ነው ማለት ነው። እንግዳዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ከጠበበሽ ልቀቂ።»

«መልቀቅማ በየት በኩል?» አለች ሸርጣን። ያለችውን አላልኩም ማለት ግን አልሆንላት አለ፤ ቃሏን አጥፍታ የማታውቅ ነበረችና።

በማግስቱ ማለዳ ባሕሩ ሸሽቶ የግንቡ ሥር ደረቀ። ቀበሮ ውሃ ጥሎት የሄደ ዓሣ ፍለጋ ዳር ዳሩን ስታሸት ለቅሶ ሰማች። ሸርጣንም ከውስጥ ሆና የሆነችውን ሁሉ ነገረቻት።

ቀበሮ የዛጎሎቹን ክምር አየች። ዘወር ብላም አሸዋው ላይ ተጋድሞ ባዶ ሆዱን የሚያሻሸውን አያ ጅቦን አየች። አያ ጅቦ ሲርበው ዐይኑ የሚያርፈው እሷው ላይ ስለሆነ፣ የእሱ ጥጋብ ለእሷ ዕድሜ ነበር።

«እመት ሸርጣን፣ ነገሩን ለእኔ ተዪው» አለች። «አሁን ደጅሽ ላይ እንግዳ ይጣራል። አንቺ ግን ዝም በዪ።»

«እንግዳ እየተጣራ ዝም? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ባለቤት ነኝ ያለችው ትመልስ።»

ከዚያ ወደ ጅብ ሮጠች። «አያ ጅቦ፣ ግብዣ አግኝቼልሃለሁ። ደጃፉ ላይ ቆመህ ቤቶች በል፤ ሌላ ምንም አትበል።»

«ቤቱ አጥንት አለው?»

«ቤቱ ራሱ አጥንት ነው።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። ቃሉ እንዳይጠፋበት «ቤቶች፣ ቤቶች» እያለ ሄደ፤ ደጃፉ ሲደርስ ግን «አጥንቶች!» ብሎ ተጣራ። ቀበሮ ጎሸም አደረገችው። «ቤቶች!» አለ።

ሸርጣን አፏን በመቆንጠጫዋ ጨምድዳ ያዘች። ዕድሜዋን ሙሉ ያልዋጠችውን ቃል ያን ዕለት ዋጠች። ለዛጎሏ ግን ባለቤትነቷ በአደባባይ የሚታይበት ቀን መጣላት። ዘር ማንዘሯ እየሰማ አፏን ከፈተች።

«ኖር! ቤት ለእንግዳ! ይግቡ!»

«ሰማህ አያ ጅቦ?» አለች ቀበሮ። «በዚህ ቤት ሕግ ቤት ለእንግዳ ማለት ቤቱ የእንግዳው ነው ማለት ነው። ወይስ ተሳሳትኩ፣ እሜቴ?»

ዛጎሏ ግጥም አለች። ፍቺው የራሷ ነው። ጅብ ደግሞ ከሕጉ ሁሉ የገባው «የእንግዳው ነው» የሚለው ብቻ ነበር፤ እሱም በቃው። ቀጭ፣ ቋ፣ ቀጭ እያደረገ፣ ልጅ የልጅ ልጅ ሳይል፣ ድንጋዩን እስኪልስ ጠራረገው። ጥጋብ ሲጥለውም እዚያው ተዘርግቶ «እንግዲህ ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ።

«ጥቂት ይታገሡ» አለችው ሸርጣን ከውስጥ። «ባሕሩ ሊያነጥፍልዎ እየመጣ ነው።»

የመጀመሪያው ማዕበል ጅራቱን ሲነካው ጅብ ቤቱንም ሕጉንም ጥሎ ፈረጠጠ። ቀበሮም እየሳቀች በሌላ አቅጣጫ ሄደች።

ንጹሑ ውሃ በተከፈተው በር ገባ። ሸርጣን በጎኗ ሹልክ ብላ ወጣች፤ ሰፊው ባሕር ውስጥም ሆዷን አራገፈች። ልጆቿ እንደ ትቢያ ብን ብለው ተበተኑ። «እፎይ» አለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ በሩ እንደ ድሮው ሰፍቶ ቆይቷት አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ሌላ መርከብ መጣ። ከሥሩ ጥፍር የምታህል ዛጎል ወርዳ «ቤቶች!» አለች።

«ኖር! ቤት ለእንግዳ!» አለች ሸርጣን፤ መቼም አመል አይለቅም። ወዲያው ግን መቆንጠጫዋን በቀስታ በዛጎሏ ዙሪያ አሳረፈች። «መርከብሽ መቼ ነው የሚነሣው፣ ልጄ? እኔው ራሴ እሸኝሻለሁ።»

ከዚህ የምንማረው የጨዋ ሰው ቃል ጠምዝዞ ቤት የወረሰ በዚያው ቃል እንደሚወጣ፣ ጨዋውም ቢሆን የእንግዳውን መሄጃ በሩ ሳይጠብበት መጠየቅ እንዳለበት ነው።