ጉሮሮ የሌለው ጠጪ

ስልክ ውሃ ይጠጣል እንዴ? ልጄ ሐመልማል ናት የጠየቀችኝ። ስልኬን «ልጄ አስነጠሰች፣ ምን ላድርግላት?» እያልኩ ስጠይቀው አይታ ነው። ስልኩስ አይጠጣም። ግን መልሱን የሚያስቡለት ትልልቅ መሣሪያዎች ሩቅ አገር አዳራሽ ሙሉ ተደርድረዋል፣ ሲግሉ በውሃ ነው የሚበርዱት ሲባል ከሷ ጋር በሬዲዮ ሰምተናል። ስንት ውሃ እንደሚፈጁ አላውቅም። በመልሱ ምትክ ይችን ተረት ነገርኳት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ውሃ በተራ በሚጠጡበት ዘመን፣ በአንድ ደረቅ አገር አንዲት ምንጭ ነበረች። የውሃ አባት አያ ኤሊ ነበሩ። ተራ የሚሰጡት ጉሮሮ ቆጥረው ነው፤ መጀመሪያ ግልገል፣ ቀጥሎ አጥቢ እናት፣ ከዚያ ጉልበተኛ።

አንድ ቀን ጦጣ ትልቅ የድንጋይ ጭንቅላት እያንከባለለች መጣች።

«ይሄ ሁሉን ያውቃል! ጠይቁት! ሲያስብ ግን ይግላልና አንድ ቅል ውሃ አናቱ ላይ አፍስሱ። ለኔ ደግሞ አንድ እፍኝ ሾላ።»

«ተራውስ?» አሉ አያ ኤሊ።

«ምን ተራ አለው አያ ኤሊ! አይጠጣ፣ አይውጥ። ጉሮሮ የለው፣ ተራ የለው፤ አንድ ቅል ብቻ!»

አያ ኤሊ ቢያዩት፣ እውነትም ጉሮሮ የለውም። ከቁጥር ተዉት።

ዝንጀሮ መጣ። «ከኔና ከጉሬዛ ማን ያምራል?» ቅል ፈሰሰ፣ ቸስ አለ። «ጉሬዛ።»

«እስቲ ደግመህ አስብ!» ሌላ ቅል ፈሰሰ። «ጉሬዛ።»

እንስሳቱ በሳቅ ፈረሱ። ጦጣም ሾላዋን እየገመጠች፣ «ጉሮሮ የለው፣ ተራ የለው፤ አንድ ቅል ብቻ!»

ከሁሉ የባሰችው ግን ድኩላ ነበረች። አንድ ግልገል አላት፤ ስለሱ አታርፍም። «ልጄ አስነጠሰ፣ ምን ሆኖ ነው?» ቅል ፈሰሰ። «ደህና ነው።» «እንቅልፍ አበዛ፣ ምን ሆኖ ነው?» ቅል ፈሰሰ። «ደህና ነው።»

ምንጯ ጎደለች። ግልገሎች ተራቸው ደርሶ ጭቃ ላሱ። አንድ ማለዳ የድኩላ ልጅ መቆም አቃተው። የቀረችው አንዲት ቅል ውሃ ነበረች፤ ተራውም የሱ ነበር። ድኩላ ቅሉን ይዛ ሮጠች፤ ወደ ልጇ ሳይሆን ወደ ጭንቅላቱ።

«ኧረ አንቺ፣ ለልጁ አጠጪው!» ብለው ጮኹ አያ ኤሊ።

«መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልወቅ እንጂ!» ብላ አፈሰሰችው።

ጭንቅላቱ አሰበ፣ አሰበና፣ «ውሃ ጠምቶት ነው» አላት።

ሌላ ውሃ ያለው ከአገሩ ወዲያ ማዶ ካለ ወንዝ ነው፤ እሱም ሩቅ ነበር። በአፏ ውሃ ይዛ ስትመለስ ልጇ ቀና አላለም።

አያ ኤሊ መሬት መሬት እያዩ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ጉሮሮ ቆጠርኩ እንጂ የሚፈሰውን አልቆጠርኩም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቱ ከሁሉ በኋላ ተራ ያዘ። ጥላ ሥር አስገቡት፤ በጠዋት ብርድ ብቻ ይጠየቃል፤ አናቱ ላይ የፈሰሰውም በገንዳ ተጠራቅሞ መልሶ ለሱው ይሆናል። ገንዳውን እንድትጠብቅ ጦጣ ተፈረደባት፤ ሾላውም ቀረባት። ምን ያደርጋል፣ ይህ ሁሉ ከግልገሉ ሞት በኋላ ነው። ድኩላ ዛሬም ውሃ ዳር ስትደርስ፣ ሳትጠጣ ወደ ኋላዋ ዞራ ታያለች።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ መልስም ጉሮሮ አያርስም።

ሐመልማል ሰምታ ስትጨርስ፣ «እማ፣ እኔ ሳስነጥስ ግን ትጠይቂዋለሽ?» አለችኝ። ጤና ጣቢያው ከኛ ሩቅ ነው፤ ጨርሶ አልጠይቅም ብል እዋሻለሁ። እስቲ እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ የቱን ልጠይቅ፣ የቱን ልተው? ምከሩኝ።