በአያ ጅቦ በር ላይ የተሰቀለው ባንዲራ

አንድ ጊዜ፣ ከየአገሩ የመጡ እንስሳት አብረው እያደሩ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በወንዝ ዳር ነበረ። አስተዳዳሪው የኔታ አንበሳ ነበሩ።

ከተማሪዎቹ አንዱ አያ ጅቦ ነው። ከእናቱ ሲለይ የመጀመሪያው ስለነበር የአገሩን ባንዲራ በመኝታ ክፍሉ በር ላይ ሰቀለ። ባንዲራው ላይ ትልቅ ጥርስ ተሥሎበታል። ፊት ለፊት የምታድረው እመት አህይት ያንን ጥርስ ባየች ቁጥር ትሸበር ጀመር። ታላቅ ወንድሟን የበሉባት ጅቦች ናቸው። ስለዚህ በጓሮ ዞራ መግባት ጀመረች።

አብሯቸው የሚማረው ቀበሮ ይህን አየ። ጅብ አኩርፎ ካልበላ የሥጋ ድርሻው ለማን እንደሚተርፍም አሰበበት። ወዲያው ወደ የኔታ ሄዶ «ጅብ ባንዲራ የሰቀለው አህይትን ሊያስፈራራት ነው» አለ።

የኔታ አንበሳ ግርግር አይወዱም። «ባንዲራው ይውረድ፤ ይህን ነገር ደግሞ ያነሳ ይባረራል» ብለው አዘዙ።

ባንዲራው ወረደ። በምሳ ሰዓት፣ አጥንት እንኳ የማይተወው ጅብ ሥጋውን ሳይነካ ተነሣ። ቀበሮ ድርሻውን ሲበላለት አህይት አየች። ደስ አላላትም።

ወደ የኔታ ሄደችና «ቢያባርሩኝም ልናገር» አለች።

«ባንዲራው ወረደልሽ። ሌላ ምን ፈለግሽ?»

«ፍርሃቴ እንዳለ ነው። እሱም ለምን እንደሰቀለው አልተጠየቀ፣ እኔም ለምን እንደፈራሁ አልተናገርኩ። ሁለታችንንም ይስሙን።»

የኔታ ጅብን አስጠሩ።

«ለምን ሰቀልከው?»

«እናቴ ናት የሰፋችልኝ። ስትናፍቀኝ አየዋለሁ።»

«ጥርሱስ ምንድን ነው?»

«ጥርስ ነዋ» አለ ጅብ ግራ ገብቶት።

አህይት ቀስ ብላ «እኔ እሱን ሳይ ወንድሜ ትዝ ይለኛል። ውሃ ልጠጣ ብሎ ወርዶ አልተመለሰም» አለችው።

ጅብ ነገር ቶሎ አይገባውም። ሲገባው ግን አንገቱን ደፋ። «እኔ የማየው የእናቴን ስፌት ብቻ ነበር» አለ።

የኔታ ትእዛዛቸውን አነሡ፤ ባንዲራውንም መለሱለት። «የት እንደምትሰቅለው አንተው ወስን» አሉት። ጅብ ከክፍሉ ውስጥ፣ ከአልጋው በላይ ሰቀለው።

በማግሥቱ አህይት በሩን አንኳኳች። «ስለ እናትህ ንገረኝ» አለችው። ጅብ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲያወራላት፣ እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ አዳመጠችው።

ከዚህ የምንማረው፣ አፍ ማዘጋት ግርግርን ቢያቆምም የተጎዳንም የናፈቀንም ልብ የሚያሳርፈው ተነጋግሮ መደማመጥ መሆኑን ነው።