የጠሪ ገደል ሰዎች ለምን «ወደ ላይ» አይሉም

እስቲ ድፍረት ካላችሁ ይሄን ስሙና «ውሸት ነው» በሉኝ። ጠሪ ገደል ሥር ወዳለው መንደር ሄዳችሁ «ጸሐይ የት ደረሰች?» ብትሉ፣ ማንም «ወደ ላይ ወጥታለች» አይላችሁም፤ መዳፉን አናቱ ላይ ጭኖ ዝም ይላል። ፍየሏስ ስትሉ «ወደ ወገቡ»፣ ጭልፊቱስ ስትሉ «ወደ ግንባሩ» ይሏችኋል፤ ገደሉን እንደ ሰው ገላ ከእግሩ እስከ አናቱ ከፋፍለው ነውና የሚጠሩት። እንግዳ ሰው ይስቃል። እነሱ አይስቁም።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ነገሩ የመጣው በብርቄ ነው። ብርቄ የማር ቆራጩ የአያ ድንበሩ ልጅ ነበረች፣ የማንንም ሰው ድምፅ አስመስላ የምትናገር፤ አንድ ጊዜ ከአጥር ጀርባ ሆና በጭቃ ሹሙ ድምፅ «ግብር» ብትል፣ መንደሩ በሙሉ ከብቱን እየነዳ ጫካ ገባ ይባላል። የማይታለልላት ታላቅ ወንድሟ ካሴ ብቻ ነበር። «አንቺ ቁራ፣ እኔን የምታታልዪኝ ገደሉ ሲናገር ነው» ይላት ነበር።

ያን ጊዜ የገደል ማር ሲቆረጥ ቆራጩ ወገቡን በመጫኛ ታስሮ ከአናቱ ይወርዳል፤ ገደሉ ወደ ውጭ ስለሚያብጥ ገመድ የያዙት አያዩትም፤ ስለዚህ እሱ ራሱ «ወደ ላይ» ብሎ ሳይጣራ ማንም አይስብም።

አንድ ቀን ካሴ ሲወርድ ብርቄ ከጎን ባለ ስንጥቅ ውስጥ ተደበቀች። ሐሳቧ ትንሽ ነበር፤ ሳያስበው ብድግ ሲል፣ ንብ የሚያጨስበት ችቦ ከእጁ ሲወድቅ፣ ሲሳደብ መስማት። በሱ ድምፅ «ወደ ላይ» አለች።

አባቷ ሳቡ። ገመዱ ቀለላቸው። ሲወጣ ባዶ ነበር።

ካሴ ለካ ራሱን አወዛውዞ ከንቦቹ ዋሻ አፍ ከቆመ በኋላ፣ ወደ ውስጥ ሊገባ ብሎ መጫኛውን ፈትቶ ድንጋይ አስይዞት ኖሯል። ደጋግመው ቢጥሉለትም ገመዱ ከእጁ ርቆ አየር ላይ ይንጠለጠላል። «አባዬ፣ ወደ ላይ» ይል ነበር እስኪመሽ። ከመሸ በኋላም «ወደ ላይ» ማለቱን አልተወም፤ «አባዬ» ማለቱን ግን ተወ።

ጠዋት ብርቄ «እኔን አውርዱኝ» አለች።

«አንቺን ምን አገባሽ?» አሏት አባቷ።

«ትናንት የተጣራሁት እኔ ነኝ።»

አያ ድንበሩ ይህን ሲሰሙ መጫኛውን በገዛ እጃቸው ወገቧ ላይ አሰሩ። «ከእንግዲህ በዚህ ገደል ድምፅ አላምንም» አሉ። «አጎትሽ ከማዶው ሸንተረር ቆሞ ያይሻል። መውጣት ስትፈልጊ መዳፍሽን አናትሽ ላይ አድርጊ፤ እሱም አናቱን ይይዛል፤ ያኔ እስባለሁ። አፍሽን እንዳትከፍቺ።»

እንደሚነገረው፣ ተወዛውዛ ዋሻው አፍ ስትቆም ካሴ የለም። ማር የሞላ ቅሉ ተቀምጧል፤ ችቦው አሁን የተለኮሰ ይመስል ይጨሳል። ከጨለማው ውስጥ የወንድሟ ድምፅ ቀስ ብሎ «ወደ ላይ» አለ። ወደሱ ልትገባ እግሯን አነሳች። ድምፁ ደገመ፤ አሁን ግን ድምፁ የአባቷ ነበር።

ያኔ ካሴ ስለ ገደሉ ይላት የነበረው ነገር ትዝ አላት። መዳፏን አናቷ ላይ ጫነች። ገመዱ ሲያነሳት፣ ከእግሯ ሥር ለሦስተኛ ጊዜ «ወደ ላይ» ሲል የሰማችው የራሷን ድምፅ ነበር ይባላል።

ብርቄ ከዚያ በኋላ የማንንም ድምፅ አላስመሰለችም፤ በራሷም ድምፅ ብዙ አልተናገረች። የማዶው ሸንተረር እስከ ዛሬ «አጎት መቆሚያ» ነው የሚባለው፤ ማር ሲቆረጥ አንድ ሰው እዚያ ይቆማል፣ እሱ እጁን አናቱ ላይ ሲጭን ገመዱ ይሳባል፣ ማንም አይጣራም። እንግዳ ረስቶ ከተጣራ ገደሉ ይመልስለታል፤ መጀመሪያ በካሴ ድምፅ፣ ቀጥሎ በራሱ በእንግዳው።

አሁንም ካላመናችሁ ሂዱና ሞክሩት፤ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ። ካልሞከራችሁ ግን ላልሰማ ሰው አድርሱልኝ፤ ስታወሩለትም እዚያች ቃል ጋ ስትደርሱ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ እጃችሁን አናታችሁ ላይ አድርጉ።