ውሃ ፈላጊውና ሰባቱ እሺ ባዮች

አንድ ሰው ነበረ። «ተማሪዎቼ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው እኔ ያልኩትን መልሰው ከመጻፍ በቀር የራሳቸው ሐሳብ የላቸውም፤ ማሰብን እንዴት ላስተምራቸው?» ላልሽኝ መልሱ እሱ ዘንድ አለ። ስሚኝ፣ የእህቴ ልጅ።

ሰውየው ቆላ ውስጥ ውሃ ፈላጊ ነበር። የሣሩን መልክ አይቶ፣ አፈሩን አሽትቶ ዘንጉን ይተክላል፤ ዘንጉ የቆመበት ይቆፈራል፤ ውሃ ይወጣል። ሙያውን የሚያወርሳቸው ሰባት ጎረምሶችና ኮረዶች ነበሩት። ሲተክል እሺ፣ ሲነቅል እሺ። እሱም በዚህ ይኮራ ነበር፤ ሞኝ።

አንድ በጋ የመንደሩ ምንጭ ነጠፈ፤ ከብቱ ማለቅ ጀመረ። ሽማግሌው ሰባቱን አስከትሎ ውሃ ፍለጋ ወጣ። መንገድ ላይ የጫማው ጠፍር ተበጠሰበትና ዘንጉን መሬት ላይ ሰክቶ ሊጠግን ተቀመጠ። ወዲያው እህቱ ማረፏን የሚናገር መልእክተኛ ደረሰ። ዘንጉን እንደተሰካ ትቶት ወደ ለቅሶው ሮጠ።

ሰልስት አውጥቶ ሲመለስ፣ ሰባቱ እስከ ደረታቸው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ጥቁር ድንጋይ ይፈልጣሉ። መዳፋቸው ተልጧል።

«እዚህ ቆፍሩ ያላችሁ ማን ነው?»

«ዘንግዎ ነዋ፣ አባ።»

«እሱንማ ጫማዬን ልጠግን ነው የሰካሁት።»

አንዲት ኮረዳ ቀና አለች። «ሣር እንኳ የማይበቅልበት ነው ብዬ ነበር። ከአባ ልትበልጪ ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ።»

ሽማግሌው አፋፉ ላይ ቁጭ አለ። ሙያውን ያወረሰው አባቱ ትዝ አለው። ያኔ ከአባቱ ጋር ሸለቆውን ሲዞሩ ሲከራከሩ ነበር የሚውሉት። እናቱ መምጣታቸውን የምታውቀው ከሩቅ ሙግታቸውን ሰምታ ነው። ያ ሁሉ ሙግት የት ገባ? እሱ ለልጆቹ ያወረሰው ዘንጉን ብቻ ነው።

ተነሣና ዘንጉን ነቅሎ ለኮረዳዋ አቀበላት።

«በይ፣ አንቺ የት ትያለሽ?»

«ከሾላው ሥር።»

«ሾላ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሰጥም።»

«የሚጠጣውን ከየት አገኘው ታዲያ?»

«ሥሩ ሩቅ ይሄዳል።»

«ይሂድ። አጠገቡ ያለው ኩይሳ ግን በዚህ በጋ እርጥብ ነው። ምስጥ ደግሞ ጭቃ ከሩቅ ተሸክሞ አይመጣም፣ አባ።»

ሽማግሌው መቆፈሪያውን አንሥቶ ወደ ሾላው አመራ። በዕድሜው እንደዚያን ቀን መረታት ጣፍጦት አያውቅም። ስድስቱም አፋቸው ተፈታ፤ እየተጨቃጨቁ ቆፈሩ። በዘጠኝ ክንድ ውሃ ወጣ፤ ከከብቱ እኩሌታው ተረፈ።

አየሽ፣ ልጄ፣ አንቺም ሰሌዳው ላይ የምትጽፊው ዘንግ ነው። የተሳሳትሽውንም ሲቆፍሩት ይከርማሉ። «ለምን?» የሚል ሲነሣ ፊትሽን አታኮሳትሪበት። «አንተስ ምን አየህ?» በዪው። ሞግቺው። ከረታሽም ተረቺ፤ መረታት ማንንም አልገደለም።

እኔ ፊደል በቅጡ አልቆጠርኩም። ግን አንቺ በአሥራ ሰባት ዓመትሽ እዚህ ደጃፍ ላይ ስትሞግቺኝ፣ ጎረቤት ተጣሉ ብሎ ሊገላግል ይመጣ ነበር። መምህር ከሆንሽ ወዲህ ለምልሽ ሁሉ መልስሽ «እሺ፣ እትዬ» ነው። ቤቱ ጭር አለብኝ። አሁንም እሺ ብለሽ እንዳትነሺ። በይ፣ የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?